ክንዱ ሥር ስለነበረው ደብተር

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እንደሚይዝ ያላስተዋለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱንም እርሱ ራሱ ደጋግሞ ነግሮናል፤ በልጅነቱ በአሰላ አቅራቢያ ከሚገኘው የወላጆቹ ቤት ተነሥቶ ትምህርት ቤት ድረስ ዐሥር ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም ሌላ ዐሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሲመላለስ ደብተሮቹን በክንዱ ሥር ይይዝ ነበርና ነው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ሲያጠልቅ ያ ክንድ እንደታጠፈ ነበር። የዓለም ጋዜጠኞች ስለ ክንዱ ጻፉ፤ ስለ ሳንባው፣ ስለ ደጋው አየር፣ ስለሚበላው እህል ሳይቀር ጻፉ። ክንዱ ሥር ስለነበረው ደብተር የጠየቀ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ደብተር ነው። የኃይሌን ማለቴ አይደለም፤ የእርሱ ክንድ የሚገባውን አግኝቷል። በዚሁ መንገድ ደብተር ይዘው የሚመላለሱ፣ እግራቸው እንደማንኛውም ሰው እግር የሆነ፣ ነገር ግን ጭንቅላታቸው ከዕድሜ እኩዮቻቸው ቀድሞ የሚሮጥ ልጆች አሉ። እነርሱን ማን ያያቸዋል?

ውድ አንባብያን፣ ከአሰላ ተነሥታችሁ የጭላሎን ተራራ በግራ እያያችሁ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ በቆጂ ትደርሳላችሁ። ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የደጋ ከተማ ናት። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር፣ በወንዶችም በሴቶችም፣ በድምሩ አራት ወርቆች ነበሩ። አራቱንም ጠቅልለው የወሰዱት የዚህችው የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ቀነኒሳ በቀለ ሁለቱን፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁለቱን። ከእነርሱ አስቀድማ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ፣ ቀጥላም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን ፋጡማ ሮባ ከዚሁ ምድር ተነሥተዋል። አንዲት የገጠር ከተማ ይህን ያህል ስትሰጥ ሰው ሁሉ አየሩንና ከፍታውን ያመሰግናል። አየሩማ ለሁላችንም አንድ ነው፤ እኔም ይህንኑ አየር ተንፍሼ አድጌ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወጣ አለከልካለሁ።

ለእኔ ከአየሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ዓይን ነው። በበቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። እኒህ ሰው የጽሑፍ ፈተና አዘጋጅተው ሯጭ አልመረጡም፤ ልጆች ሲሮጡ ቆመው አዩ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ልጅ ነውና ማንም ከዓይናቸው አላመለጠም፤ የባለጸጋም የድኻም፣ የወንድም የሴትም ልጅ በዚያው አቧራማ ሜዳ ላይ ሮጠ። ያዩትን ልጅም «ጎበዝ!» ብለው አጨብጭበው አልተዉትም። ከሚበልጡት ጋር አሰለፉት፤ ሲደርስባቸው ደግሞ ከእነርሱም ከሚበልጡት ጋር። ከእርሳቸው በላይ በደረሰ ጊዜም አዲስ አበባ የሚቀበለው ክለብ፣ ከክለቡም ወዲያ ብሔራዊ ቡድን ነበረ።

ማየት፣ ከአቅሙ ጋር የሚመጥን ማስሮጥ፣ ለሚቀጥለው ማስረከብ። በእግር ረገድ አርሲ ይህን ታውቅበታለች። ዛሬማ በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለን። የስንዴ ዘር የሚመርጥልን የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል አለን። ገብሱን መርጦ የሚቀበል የብቅል ፋብሪካም አለን። ለስንዴው መራጭ፣ ለገብሱ መራጭ፣ ለእግሩ መራጭ ያላት ከተማ ለጭንቅላት መራጭ የላትም። (ለሩጫው ሲሉ ደብተራቸውን ጥለው፣ ሩጫውም ሳይቀናቸው የቀሩ ብዙዎች መኖራቸውን አልዘነጋሁም፤ የእነርሱም ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ጉዳዩ በወረቀት ላይ ያልታሰበበት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ የአካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው መማር እንዲችሉ ማድረግን አስቀምጦ ነበር። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አጣምሮ ማስቀመጡ በጊዜው አስተዋይነት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ነገር ተሠራ፤ የሚበቃም ባይሆን በየቦታው ልዩ ክፍሎች ተከፈቱ፣ መምህራን ሠለጠኑ፣ «ልዩ ፍላጎት» የሚል የሥራ መደብ ተፈጠረ። ሁለተኞቹ ግን ከዐረፍተ ነገሩ አልወጡም። ያ ፖሊሲ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ካገለገለ በኋላ በሌላ ተተካ፤ እነዚያ ልጆችም አድገው ልጆች ወለዱ። ዛሬ አንዱን ርእሰ መምህር ስለ ልዩ ፍላጎት ብትጠይቁት ማየትና መስማት ስለተሳናቸው ተማሪዎች ይነግራችኋል፤ እሰየው፣ ይንገራችሁ። ከሌላው ቀድሞ ስለሚገባው ልጅ ብትጠይቁት ግን «እርሱማ ምን ችግር አለበት?» ይላችኋል።

ችግሩን ከውስጥ ያየነው እናውቀዋለን። በእኛ ዘመን ትምህርት ቶሎ የሚገባው ልጅ የሚያገኘው ልዩ እንክብካቤ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው የክፍል አለቃ መሆን ነው፤ መምህሩ በሌለ ጊዜ የረባሾችን ስም በወረቀት እየጻፈ ጠላት ያፈራል። ሁለተኛው፣ የእጅ ጽሕፈቱ ካማረ፣ የመምህሩን ማስታወሻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ነው፤ ጓደኞቹ ከሰሌዳው ወደ ደብተራቸው ሲገለብጡ እርሱ ከደብተር ወደ ሰሌዳ ይገለብጣል፤ ማታም ቤቱ ሄዶ ለራሱ እንደገና ይገለብጣል። ሦስተኛው ኋላ የመጣው «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ነው፤ ጎበዙ ተማሪ ለአምስት ይመደብና እነርሱን ያስጠናል። ሌላውን ማስጠናት መልካም ነገር ነው፤ ያስጠና ሰው ራሱም ይማራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሦስቱም ውስጥ ልጁ ለሌላ ሰው ይጠቅማል እንጂ እርሱ ራሱ አንዲት አዲስ ነገር አልተማረም። ደመወዝ የሌለው ረዳት መምህር ሆነ ማለት ነው።

ከሦስቱ አንዱም ያልደረሰው ደግሞ ይሰለቸዋል። የሰለቸው ልጅ በመስኮት ያያል፣ አጠገቡ ያለውን ይነካካል፣ ጥያቄ ያበዛል፣ ወይም ዝም ይላል። መምህሩ ስልሳ ልጅ ይዞ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ምዕራፍ መጨረስ አለበትና ጥያቄ የሚያበዛውን «ረባሽ»፣ ዝም የሚለውን «ፈዛዛ» ብሎ ያልፋል። መምህሩን ለመውቀስ አይደለም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ሌላ አላደርግም።

በሥራዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ ሰው ሲያልፍ ማየት የሥራዬ አካል ነው። አምና በክረምት አንዲት እናት ከጢዮ ወረዳ ገጠር ልጃቸውን አስከትለው መጡ፤ ትልቋ ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችውን ገንዘብ ሊቀበሉ ነው። ትንሿ የዕለቱን የምንዛሪ ተመን የሚያሳየውን ሰሌዳ አንጋጣ ስታነብ ቆየች። እኔ ቅጹን ሳልሞላ እርሷ ሪያሉን ከተመኑ ጋር በልቧ አባዝታ የሚደርሳቸውን ብር ከነሳንቲሙ ለእናቷ ነገረቻቸው። ከማሽኑ የወጣው ቁጥርም ያው ሆነ። ደነቀኝና ፈገግ ስል ድፍረት አገኘች መሰለኝ፣ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ ባንኩ የሚገዛበት ዋጋ ከሚሸጥበት ለምን ያንሳል? በመካከሉ ያለውንስ የሚወስደው ማን ነው? እኛ ይህን የተማርነው ዲግሪ ልንይዝ ኮሌጅ ገብተን ነው።

«አዴ፣ ስንተኛ ክፍል ናት?» አልኳቸው።

«ስድስተኛ ጨረሰች። አትቆጣት ልጄ፣ ጥያቄዋ አያልቅም። መምህሯም ሌሎቹን አስቸገረች ብለው ከኋላ አስቀምጠዋታል።» ብሩን እየቆጠሩ ነበር። ቆጥረው ሲያበቁ በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሩና «እኅቷም እንዲሁ ነበረች» አሉ።

እኅቷ፣ ይህን ገንዘብ የላከችው፣ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማ የሄደች ናት።

በባንክ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ገቢም ወጪም ያልታየበትን ሒሳብ የማይንቀሳቀስ ሒሳብ እንለዋለን። ከሌላው ይለይና ይቀመጣል። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ መታወቂያውን ይዞ ቢመጣ ገንዘቡ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ይጠብቀዋል። ሰው እንዲህ አይደለም። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ያልተመለሰላትን ጥያቄ ይዛ በሠላሳ ዓመቷ ብትመጣ፣ ጥያቄውም እርሷም በቦታቸው አይገኙም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ስል በየሰኔው መጨረሻ ካርድ ሲሰጥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጣውን ማለቴ ብቻ አይደለም። እርሱም አንዳንዴ ነው፤ አንዳንዴ ግን ታዛዥና ትጉህ ልጅ ብቻ ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ይህቺ የምላችሁ ልጅ በክፍሏ ስንተኛ እንደምትወጣ አላውቅም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ አንደኛ ትወጣለች ብዬም አልጠብቅም። ፈተና የሚለካው የተሰጠውን መልሶ መስጠትን ነው፤ ያልተሰጠውን መጠየቅን የሚለካ ፈተና በአገራችን አልተለመደም።

የፈተና ወንፊት ምን ያህል እንደሚያሾልክ ሌላው ዓለምም በዋጋ ተምሮታል። በአሜሪካ ሉዊስ ተርማን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች የማሰብ ችሎታ ፈተና እየሰጠ ከ1,500 በላይ ልጆችን መረጠ፤ ዕድሜ ልካቸውንም ተከታተላቸው። ብዙዎቹ ደህና ቦታ ደረሱ፤ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ፕሮፌሰር ሆኑ። የኖቤል ሽልማት ያገኘ ግን ከመካከላቸው አልወጣም። በዚያው ፈተና ተፈትነው ነጥቡ ስላልሞላላቸው ከተጣሉት ልጆች መካከል ግን ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሊ በ1956፣ ሉዊስ አልቫሬዝ በ1968 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። መራጩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ስለመረጠ ነው። የበቆጂው መምህር ግን በየሳምንቱ ነበር የሚያዩት።

በእኛ አገር ይህ ጥበብ ጠፍቶ የነበረ አይምሰላችሁ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆችን በዓመት እየከፈለ በረድፍ ከማስቀመጡ በፊት የነበሩትን ጉባኤ ቤቶች አስቡ። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ማን መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያልፍ የሚወስነው ዕድሜው ወይም የገባበት ዓመት አይደለም፤ ቅኔው ነው። አንዱ በጉባኤ ቃና ሲከርም ሌላው በጥቂት ወራት አልፎት ይሄዳል፤ ቀድሞ የገባው ጢማም ከታናሹ ሥር ተቀምጦ ቢማር ነውር አልነበረም። መምህሩ የእያንዳንዱን ቅኔ በየተራ ይሰማል፤ ያቀናል፤ ይነቅፋል። በአርሲ ብዙኃኑ ዘንድ በሚታወቀው የቁርኣን ቤትም ነገሩ ያው ነው። ልጁ የእንጨት ሉሑን ይዞ ይቀመጣል፤ የተጻፈለትን ሲያበቃ አጥቦ የሚቀጥለውን ያስጽፋል። የጎረቤቱ ሉሕ እስኪታጠብ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ልጅ የለም።

አለንጋውን፣ የቆሎ ተማሪውን ልመናና የውሻ ንክሻ ላወድስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ልጅን በራሱ ፍጥነት ማስኬድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የቅንጦት ዕቃ ነው ለሚሉኝ፣ ከጓዳችን አውጥተን የጣልነው መሆኑን ላስታውሳቸው ብዬ ነው።

ዘመናዊው ትምህርትም በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሌላ መንገድ ነበረው። በ1930ዎቹ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጅ እየተቀበሉ አሳድረው አስተማሩ። ኋላም በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የበእደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየአገሩ በትምህርታቸው የላቁትን ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰበሰበ። ሥነ ጽሑፍ ለምንወድ ሰዎች የዚህን ፍሬ መቁጠር አያዳግተንም። በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር መጥቶ በዊንጌት ተማረ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታየ፤ ከዚያም አዲስ አበባ መጥቶ በዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አለፈ። (የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት መሆኑ ለእኛ ግጥም ለምንሞክር የባንክ ሠራተኞች ትንሽ መጽናኛ ነው።) ልብ ልትሉልኝ የምፈልገው የአምቦውን ነው። አንድ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት ተማሪው የጻፈውን ተውኔት «ይህ የልጅ ነገር ነው» ብሎ አላስቀመጠውም፤ መድረክ ሰጠው።

የዚያ ዘመን ወንፊት ግን ጠባብ ነበር። ዊንጌት የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር። አገሪቱ ውስጥ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰው ልጅ ራሱ ጥቂት ነበርና የተመረጡት ከጥቂቶች የተመረጡ ጥቂቶች ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ አዳሪነቱ ቀረ፤ እኩልነት መጣ ተባለ፤ በተግባር የመጣው ግን ሁሉም ልጅ እኩል የሚጠብቅበት ክፍል ነው።

አሁን አንዳንድ አንባቢ የሚያነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችን የቡና ሰዓት ላይም ገጥሞኛል። «ወንድሜ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ስለ መጋረጃው ታወራለህ» አለኝ አንድ ባልደረባዬ። ማስረጃውም ጠንካራ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያየነው ያስደነግጣል፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ የ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ የ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከመቶ ዘጠና አምስቱ እየወደቀ ስለ ልዩ ተሰጥኦ መጻፍ ቅብጠት አይሆንምን?

እኔ እነዚህን ቁጥሮች በሌላ በኩል አነባቸዋለሁ። በ1,328 ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድም ቶሎ የሚገባው ልጅ አልነበረም ብሎ የሚያምን አለ? በበቆጂ አንድ ሜዳ ላይ የዓለም ሻምፒዮናዎች የሚያበቅል አገር፣ በሺህ በሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሒሳብ የሚገባው ልጅ ሊያጣ አይችልም። ነበሩ፤ ከሌሎቹ ጋር አብረው ወደቁ። ተሰጥኦ ብቻውን አያሳልፍም። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ሲደርስ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚሆንበት ልጅ፣ የቱንም ያህል ብሩህ ቢሆን፣ መጽሐፉን የሚከፍትለት ሰው ይፈልጋል። ቀድሞውኑ ሰልችቶት ትምህርቱን ከልቡ ካወጣው ደግሞ ያ ግድግዳ የመጨረሻው ይሆናል። ስለዚህ ለባልደረባዬ የመለስኩለት ይህን ነው፤ መጋረጃ አይደሉም፤ እሳቱን ሊያጠፉ ይችሉ ከነበሩት ሰዎች መካከል ናቸው።

መንግሥትና ማኅበራት ፈጽሞ ተኝተዋል አልልም። የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳማ ላይ ያቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በአገር አቀፍ ፈተና በሚያመጡት ውጤት የታወቀ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ፎካ የሚባለው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል ለአካባቢው ተማሪዎች ቤተ ሙከራ ከከፈተ ቆየ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩ ላይ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩት ተመረቀ። ደግ ሥራ ነው። ሆኖም አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ቡራዩ፤ ሦስቱም አስፋልት ዳር፣ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናቸው። አዳሪ ትምህርት ቤትም የሚቀበለው አስቀድሞ በፈተና የለየውን ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ እዚያ ወንፊት ላይ ለመድረስ መጀመሪያ የሚያያት ሰው ያስፈልጋታል። ደግሞስ ስንት አዳሪ ቤት ሠርተን እንዘልቀዋለን? በቆጂ የሯጮች አዳሪ ቤት ኖሯት አይደለም ያፈራችው፤ አንድ መምህር ኖሯት ነው።

አበው «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» ይላሉ። የእኛ ትምህርት ቤት የሰጠውን ይዞ የሚያለቅሰውን ልጅ ዝም ማሰኘት እንጂ መጨመርን አያውቅም። መጨመር ደግሞ የሚመስለንን ያህል ውድ አይደለም። ቀድሞ «ደብል» ይባል የነበረው፣ ልጁ አንድ ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚፈቅደው አሠራር፣ በእኛ አባቶች ጊዜ የታወቀ ነበር። ጉዳትም እንዳለው አውቃለሁ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ከዐሥራ አራት ዓመት ጎረምሶች መካከል ተጥሎ ሊጨነቅ ይችላል፤ በሒሳብ የበሰለው በቋንቋ ላይበስል ይችላል። ስለዚህ ክፍሉን በሙሉ መዝለል አያስፈልግም። በሒሳብ የሚቀድም ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከፍ ወዳለው ክፍል ሄዶ ይቀመጥ፤ ደወሉ ሲደወል ወደ ጓደኞቹ ይመለስ። ግቢው አንድ ነው፤ ክፍሎቹ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። የሚፈለገው ሁለቱ ክፍሎች ሒሳብን በአንድ ሰዓት እንዲማሩ የጊዜ ሰሌዳውን ማስተካከል ነው።

ከዚህ ሌላ በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት የማየት ሥራ ቢሰጠው እላለሁ። ፈተና አያውጣ፤ ይዙር፤ ከባልደረቦቹ ይጠይቅ፤ በተለይ «ማን ያስቸግርሃል?» ብሎ ይጠይቅ። አንደኛ የሚወጡትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ከሴቶቹና ከሩቅ ከሚመጡት ይጀምር፤ እነርሱ ቶሎ ይጠፋሉና። ማስረከቢያም አለን። አርሲ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አሰላ ላይ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ፣ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ይዞ ተቀምጧል። በወር ሁለት ቅዳሜ በሩን ለሠላሳ ልጆች ቢከፍት የሚጎድልበት የኤሌክትሪክ ወጪ ብቻ ነው። እኛም የከተማው ደመወዝተኞች አለን፤ ሒሳብ ሹሙ፣ ነርሷ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ ልጅ ሲጠይቅ የምንመልሰው ነገር አናጣም። እኔ በበኩሌ የግዢና የሽያጭ ተመንን ልዩነት በአፋን ኦሮሞ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ወላጆችን ግን አደራ። በየከተማው «ለልዩ ተሰጥኦ ልጆች» የሚል ማስታወቂያ እየለጠፉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች እንደሚመጡ አትጠራጠሩ፤ ልጅን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያለ ጨዋታ ማስጠናት ተሰጥኦ አይፈጥርም። ከሩጫው ቤት እንኳ እንማር፤ ልጅን ያለ ዕድሜው ያለ ልክ ያሠለጠነ አሠልጣኝ ጉልበቱን ይጨርሰዋል እንጂ ሯጭ አያደርገውም።

የትምህርት ቤቶቻችንን ርእሳነ መምህራን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ለሒሳብ ስድስተኛ ክፍል እንዲገባ ለመፍቀድ የእናንተ ፊርማ ይበቃል ወይስ ከወረዳው ደብዳቤ ያስፈልጋል? ደብዳቤ ካስፈለገ ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ማመልከቻ መጻፍ ለምዶብኛል። ምዝገባ የሚጀመረው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳውም ያን ሰሞን ይወጣል።